አምስቱ የሞተር ቆቦች

ዘርኣይ እጁን ዘይት በጠጣ ጨርቅ እየጠረገ ከተፈታታው ሞተር ላይ ቀና አለና፣ «ሞቷል» አለ። «ለቅሶ እቀመጣለሁ ካልሽ ወንበሩ ያውልሽ።»

የሻረግ አልሳቀችም። ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ አሮጌ ፔጆዋ ኮፋኖው ተከፍቶ፣ ሆዱ ባዶውን ቀርቶ ቆሟል። እሑድ እሑድ አዛውንቶችን ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ቀን ደግሞ ሐኪም ቤት የምታመላልሰው በዚህ መኪና ነው። ስምንት ሰው ይይዛል፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው እናቶች እንኳ ያለ ደጋፊ ይገቡበታል፤ እንዲህ ያለ መኪና መሠራት ካቆመም ቆይቷል። ሞተሩ ግን አርጅቶ፣ ካለፈው ገና ጀምሮ በሄደችበት ሁሉ ሰማያዊ ጭስ ይከተላት ነበር። የሚጠብቋት ሰዎች «የሻረግ መጣች» የሚሉት መኪናውን ሳይሆን ጭሱን አይተው ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሽ ዘርኣይ?»

«መቅበር ነዋ። ከከተማ ውጭ አንድ ስክራፕ ያርድ ውስጥ ከተገጨ መኪና የወጣ ሞተር አይቻለሁ፤ አምጥቼ እገጥምልሻለሁ። ይሄኛው ክራንኩ ተበልቷል፣ ፒስተኖቹ ተፍቀዋል፣ ሲሊንደሮቹ ሰፍተዋል። ይሄን አድሳለሁ የሚል ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ እብድ ነው።»

ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ማዶ፣ ከአንድ ቫን ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። የፀሐዬ እግሮች ናቸው። እግሮቹ ሳይንቀሳቀሱ ድምፅ ብቻ ወጣ።

«የሻረግ፣ ይታደሳል በይው።»

«እዚሁ አጠገብዎ ናቸው እኮ። ለምን ራስዎ አይነግሯቸውም?»

«እኔ ከእሱ ጋር አልነጋገርም። አንቺ ንገሪልኝ።»

ፀሐዬ ከዘርኣይ ጋር መነጋገር ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መነጋገር ሲባል ሰላምታና ምክክሩ ነው እንጂ ስድቡማ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ሁለቱ ጋራዡን በጋራ የተከራዩት ከዚያ በፊት፣ ገና ወዳጆች ሳሉ ነው። ለንደን ውስጥ፣ ከስቶክዌል ጣቢያ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለ እንደ ዋሻ የረዘመ ቤት ነው፤ ባቡር በላዩ ሲያልፍ ከጣሪያው ላይ ጥቀርሻ ይረግፋል። ቢጫውን መስመር ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ ያሰመረው ዘርኣይ ነው። አንድ ጠዋት ቀለምና ቡሩሽ ይዞ መጣና፣ ምንም ሳይናገር፣ ተንበርክኮ አሰመረው። ሰዎች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ ፀሐዬ «እኔ ምን አውቄ፤ እሱን ጠይቁት» ይላል። ራሱ ግን ጠይቆት አያውቅም።

ከመስመሩ በኋላ ያልተከፋፈሉት ጥቂት ነገር ነበር። በሩ፣ የውሃው ቧንቧ፣ ሻይ ማፍያው፣ ሞተር ማውጫው ክሬንና የደንበኞች ቁልፍ የሚሰቀልበት የግድግዳ ሚስማር። በሚስማሩ የተነሳ ብቻ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። በቦታ ቁጥርም አይስማሙም፤ ፀሐዬ የመኪና ማቆሚያውን ቦታ የሚቆጥረው ከበሩ ጀምሮ ነው፤ ዘርኣይ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ። አንዱ «ሦስተኛው» የሚለው ለሌላው «አንደኛው» ነው። አንድ ጊዜ ደንበኛ የሰው መኪና ይዞ ሄዶ ብሪክስተን ሲደርስ ነው የነቃው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም አቆጣጠራቸውን አልለወጡም።

ፀሐዬ ከቫኑ ሥር ተንፏቅቆ ወጣ። ኀምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲነሳ ወገቡን ይይዛል። መስመሩን ሳይረግጥ አንገቱን አስግጎ የተፈታውን ሞተር አየ። ክራንኩን፣ ፒስተኖቹን፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አንድ በአንድ አየ።

«የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣» አለ ለየሻረግ፣ «ዕቃ ከውጭ በማይገባበት ዘመን፣ ከዚህ የባሰውን ሃያ ዓመት ሙሉ አስነስቻለሁ። ክራንኩ ይሞረዳል። ሲሊንደሩም ፒስተኑም በአዲስ ይለወጣል። ብሎኩ ጤነኛ ነው። የስክራፕ ሞተር ግን የማን ጣጣ እንደሆነ ማን ያውቃል? የሞተ ሰው ልብ ገዝቶ እንደ መግጠም ነው።»

«ሃያ ዓመት አስነሳሁ ይላል፣» አለ ዘርኣይ፣ እሱም ለየሻረግ። «ለዚህ ነው አዲስ አበባ ሰው ሁሉ በእግሩ ይሄድ የነበረው።»

«እሱ ጣሊያን ሽማግሌ ጫማ ሥር ቁልፍ ሲያቀብል ያደገ ነው። ዕቃ መለወጥ እንጂ ማደስ አያውቅም።»

«አሥመራ የነበሩት ፔጆ ታክሲዎች በሙሉ በዚህ እጅ አልፈዋል! አንተ የአውቶቡስ ጎማ ስትነፋ!»

በቀጥታ ሲናገረው ፀሐዬም በቀጥታ ዞረበት። «እንግዲያው አድሰው። ፈርተህ ነው።»

«ፈርቼ?» ዘርኣይ ጨርቁን ወረወረው። «እሺ። አንተ አድሰው። እስከ መጪው ሳምንት አርብ። ሰውየው ለውሉ የሚመጣው አርብ አይደል?»

የሻረግ ተራ በተራ አየቻቸው። «የምን ውል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአከራዩ ወኪል ደብዳቤ መጥቷል፤ የኪራይ ውሉ ሲታደስ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ሁለት ተከራይ ይቅር፤ ማን እንደሚሆን እናንተው ተስማሙ ይላል። ደብዳቤው ከሻይ ማፍያው ጎን ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንዳቸውም አላነሱትም።

«ይህ መኪና አርብ እኩለ ቀን ላይ በገዛ ሞተሩ የብሪክስተን ሂልን ዳገት ወጥቶ ያለ ጭስ ከተመለሰ፣» አለ ዘርኣይ፣ «እኔ ዕቃዬን ለቅሜ እወጣለሁ። ካልተመለሰ አንተ ትወጣለህ። ውሉን ሳይን የሚያደርገው የቀረው ነው።»

ፀሐዬ አንድ ክፍል የካውንስል ቤት አለው፤ ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ቴሌቪዥን አለ። ጋራዡ ከእጁ ከወጣ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ቦታ የሚያከራየውም የሚቀጥረውም አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰበ፤ አስቦም «ይሁን» አለ።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፣» አለች የሻረግ። «እኔ መኪናዬን ነው የምፈልገው።»

«ዳኛ አይደለሽም፣ ምስክር ነሽ» አላት ዘርኣይ። የሞተሩን ዕቃ በሙሉ በየካርቶኑ አድርጎ፣ አንድም ሳያጎድል፣ እስከ መስመሩ ድረስ ገፋለት። ከመስመሩ በላይ ግን አንዲት ጣት አላሳለፈም።

ፀሐዬ በማግስቱ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ጭኖ ክሮይደን ወዳለ ሞራጅ ወሰደ። አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር በፖስታ አዘዘ። ብሎኩን በናፍጣ አጥቦ፣ የውሃ መሄጃውን ዝገት በሽቦ ጎርጉሮ፣ አየር ነፋበት። የቴስታታውን ቫልቮች አንድ በአንድ በእጁ እያሸ፣ ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ ከመቀመጫቸው ጋር አስማማቸው። ሥራው ሲይዘው ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋው ነበር፤ ዘርኣይ ግን እንዲጠፋው አልፈለገም።

ዘርኣይ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ይተዋል። የክሬኑ መርገጫ ዘንግ ይጠፋና ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ከዘርኣይ ጠረጴዛ ሥር ይገኛል። ፀሐዬም አልተኛም፤ የዘርኣይ ሻይ ሊፈላ ሲል እየጠበቀ ሶኬቱን ይነቅላል። አንድ ቀን ዘርኣይ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወንበሩን እስከ ቢጫው መስመር አምጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ታያለህ?» አለው ፀሐዬ።

«ሲኒማ። ትኬት አለው?»

«ለማያውቅ ሰው በነጻ ነው። ተማር።»

«እየተማርኩ ነው። ሰው ከገዛ ቤቱ እንዴት እንደሚወጣ።»

ክራንኩ ተሞርዶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የተመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሁለት ቀን ሲቀር። ፀሐዬ ገልጦ አየው። ፊቱን ያሳያል። ዘይት ቀብቶ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ብሎኩ ውስጥ አስተኛው።

ክራንክ በሞተር ሆድ ውስጥ የሚተኛው በአምስት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ የብረት ቆብ ይደፋበትና በሁለት ብሎን ይታሰራል። ቆቦቹ ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግን ፋብሪካው እያንዳንዱን ከራሱ ቦታ ጋር አብሮ ስለሞረደው ከሌላው ቦታ ቢገባ አይስማማም። ስለዚህ ሞተሩን የሚፈታ መካኒክ ቆቦቹን በሹል ብረት ነጥብ እየመታ ይለያቸዋል፤ አንደኛው ላይ አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት። ዘርኣይም ሲፈታው እንዲሁ አድርጎ ነበር። ነጥቦቹ እኩልና ንጹሕ ናቸው፤ ጠላቱም ቢሆን የእጁን ንጽሕና አይክድም። ብሎኩ ላይ ግን ምልክት አላደረገም፤ መልሶ የሚገጥመው ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ አላሰበማ።

ፀሐዬ ባለ አንድ ነጥቡን ከፊት፣ በማራገቢያው በኩል አስቀመጠ። ባለ ሁለቱን ቀጥሎ። ሁሉንም ደርድሮ አጠበቀ። ከዚያ ክራንኩን ሊያዞረው ያዘው።

አልዞር አለ።

በብረት ዘንግ ሞከረ። ትንሽ ፈቀቅ አለና ጥርሱን እንዳፋጨ ሰው ድምፅ አሰምቶ ቆመ። ፀሐዬ ወዲያው ለቀቀው። ፈታው፣ ጠረገው፣ እንደገና አሰረው። አሁንም አልዞር አለ። ሞራጁ ጋ ደወለ፤ ሞራጁ ልኩን በቁጥር ነገረው፤ ልኩ ልክ ነው። እንደገና ፈታ። እንደገና አሰረ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ክራንኩ ላይ ጠብ አለ። ዘርኣይ ከመስመሩ ማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ፉት ይላል፤ ያን ቀን ሬዲዮኑን እንኳ አልከፈተም።

ከቀትር በኋላ የሻረግ ልታይ መጣች። «እህሳ፣ ደረሰ?»

ፀሐዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት በውስጡ የተጠራቀመው ፈነዳ። ቆቡን አንስቶ ወደ ዘርኣይ ዘረጋው።

«ቀያይሮብኛል! ነጥቡን ሆን ብሎ አዛብቶ ነው የመታው። ክራንኩ የማይዞረው ለዚያ ነው። ጋራዡን በተንኮል ሊወስድ!»

ዘርኣይ ቀስ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እኔ?»

«አንተ!»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሞተር ነክቻለሁ። የጠላቴንም ነክቻለሁ። ተንኮል በብረት ላይ ሠርቼ አላውቅም።» ድምፁ አልጮኸም። «ነጥቦቹ እዚያው አሉ። ማንበብ ካቃተህ መነጽር ግዛ።»

«ጋሽ ዘርኣይ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለች የሻረግ።

ዘርኣይ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። የሻረግም ራሷን እየነቀነቀች ሄደች፤ እስከ ምሽት ድረስ ወሬው ከስቶክዌል እስከ ኬንቲሽ ታውን ላሉት ተሳፋሪዎቿ ሁሉ ደርሶ ነበር። ዘርኣይ የሚባለው መካኒክ የሰው ሞተር ያበላሻል።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐዬ ቆቦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ፊታቸው ቆመ። በቁጣ አይሠራምና አንድ በአንድ ሊፈትናቸው ወሰነ። የመጀመሪያውን ብቻ አጠበቀ፤ ክራንኩ ያዘ። ፈታውና ሁለተኛውን ብቻ አጠበቀ፤ ያዘ። ሦስተኛውን ብቻ ሲያጠብቅ ግን ክራንኩ እንደ ቅቤ ዞረ። አራተኛው ያዘ። አምስተኛው ያዘ። እንደገና ወደ ሦስተኛው ተመለሰ፤ አሁንም በአንድ ጣት ዞረ። መሐለኛው ብቻ ነው ልክ የሆነው። ተንኮለኛ ሰው አራቱን አዛብቶ አንዱን ለምን ይተዋል?

በዚህ መሐል አኑዋር የሚባል እዚሁ ለንደን የተወለደ ወጣት ሚኒካብ ነጂ መኪናውን ሊወስድ ገባ። የዘርኣይ ደንበኛ ነው።

«አንክል፣ ማይ ካር አለቀ?»

«አልቋል» አለ ዘርኣይ ከመስመሩ ማዶ፣ ቀና ሳይል። «አንደኛው ላይ ነው። ቁልፉ ውስጡ አለ።»

አኑዋር ከበሩ አጠገብ ያለውን መኪና ከፍቶ ገባ፤ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። «አንክል፣ ይሄ እኮ የእኔ አይደለም። ፈርስቱ ነው አላልክም?»

«ከኋላ ነው እንጂ! አንድ የሚጀምረው ከኋላ ነው! ስንት ጊዜ ልናገር?»

«ሁ ካውንትስ ፍሮም ዘ ባክ?» አለ አኑዋር እየሳቀ ወደ ኋላው ግድግዳ ሲሄድ። «ሲሪየስሊ፣ ማነው እንደዚህ የሚቆጥረው?»

ፀሐዬ እጁ ላይ የነበረው ቆብ ሊወድቅበት ነበር።

ማነው እንደዚህ የሚቆጥረው? ዘርኣይ ነዋ። ዕድሜ ልኩን እንደዚህ ነው የሚቆጥረው። የፔጆ ታክሲ ሲፈታ ባደገበት ጋራዥ አንደኛው ሲሊንደር ማለት በማራገቢያው በኩል ያለው አይደለም፤ ከኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ያለው ነው፤ ፈረንሳዮቹ እንደዚያ ነው የሚቆጥሩት። ሞተሩን ከኋላ መቁጠር ስለለመደ መኪናውንም ቦታውንም ከኋላ ይቆጥራል። ፀሐዬ ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ሲያይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሳደብበት ኖሮ፣ ቆቦቹን አንስቶ ሲደረድር አንዴ እንኳ ትዝ አላለውም። ከፊት ቢቆጠር ከኋላ ቢቆጠር ሦስተኛው ያው ሦስተኛ ነው። ሌሎቹ አራቱ ግን ይገለበጣሉ።

ባለ አምስት ነጥቡን ከፊት፣ ባለ አንዱን ከኋላ አደረገ። ሁሉንም አጠበቀ። በጠቋሚ ጣቱ ክራንኩን ገፋ።

ዞረ። ዝም ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ሙሉ ዙር።

ቀና ሲል ዘርኣይ ከማዶ ቆሞ እያየው ነበር። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ዘርኣይ ፊቱን አዞረና መዶሻ አንስቶ ምንም የማያስፈልገውን ብረት መደብደብ ጀመረ።

አርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ፔጆው ተነሳ። በመጀመሪያው ቁልፍ ሳል አለ፤ በሁለተኛው ያዘ፤ ከዚያ ድምፁ ተስተካክሎ ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው እንኳ ጤናውን የሚያውቅለት ሆነ። የሻረግ መሪውን ይዛ ፀሐዬ ከጎኗ ተቀምጦ ብሪክስተን ሂልን ወጡ። አዲስ ሞተር አይቸኩልምና ቀስ ብለው ነው። ፀሐዬ ዳገቱን ሙሉ መስታወቱን ሲያይ ነበር። ከኋላቸው አንድ ቀይ አውቶቡስና ጥርት ያለ አየር ብቻ ነበር።

ሲመለሱ ዘርኣይ በሩ ላይ ቆሟል። ከጀርባው የዕቃ ሣጥኖቹ ተደርድረዋል። መኪናው እስኪመለስ አልጠበቀም፤ ቀድሞ ለቅሞ ጨርሷል። ከጭስ ማውጫው ኋላ ተንበርክኮ ነጭ ጨርቅ ዘረጋበት፤ ጨርቁን አገላብጦ አየው። ንጹሕ ነው።

«እሺ፣» አለ ሲነሳ። «ቃል ቃል ነው።»

ፀሐዬ ከመኪናው ወረደ። ይህን ቀን ለሁለት ሳምንት ሲመኘው ነበር፤ አሁን ግን ዐይኑ ሣጥኖቹ ላይ አረፈ።

«የሻረግ፣» አለ፤ ቀጥሎ ወደ ዘርኣይ ዞረ። «ረቡዕ የተናገርኩት ስህተት ነው። ነጥቦቹን ማንም አላዛባቸውም። አንተ ከኋላ ቆጠርክ፣ እኔ ከፊት አነበብኩ። የእኔ ጥፋት ነው።»

የሻረግ በሩን ይዛ ቀረች። «ወይ ጉዴ። እኔ እኮ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። አሁን ማን ዞሮ ይመልሰዋል?»

«አትልፊ፣» አላት ዘርኣይ። ዐይኑን ከፀሐዬ አላነሳም። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ረቡዕ የመጀመሪያውን ቆብ ስታስቀምጥ ነው ያወቅሁት። ሻዬን ይዤ ተቀምጬ አየሁህ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ብታገለው ኖሮ ሞተሩ ይሰበር ነበር እኮ!»

«ይሰበር ነበራ።» ዘርኣይ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ከየት በኩል ነው የቆጠርከው ብትለኝ እነግርህ ነበር። እምላለሁ፣ ጋራዡ ቢቀርብኝም እነግርህ ነበር። አንዲት ጥያቄ። አንተ ግን ሰው አትጠይቅም።»

«ዘርኣይ...»

«በዘጠና ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ጦርነቱ ሲነሳ፣ እህቴን ከነልጆቿ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭነው ድንበር ላይ ጣሏት። እኔ ሌሊቱን ስልክ ስጠብቅ አድሬ ጠዋት ይህን በር ከፍቼ ገባሁ። ሰምተህ ነበር። መስማትህን ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ምን አልከኝ?»

ፀሐዬ ያስታውሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማያስታውስ መስሎ ኖሯል እንጂ አልረሳውም። ዘርኣይ በር ላይ ሲቆም ዐይኑ ቀልቶ ነበር። ፀሐዬ ምን እንደሚባል ጠፍቶት፣ የሀገሩም ነገር አሳፍሮት፣ ቶሎ ብሎ ራሱን ኮፋኖው ሥር ቀብሮ ነበር።

«‹አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ› አልኩህ» አለ ፀሐዬ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አቀበልኩህም፣» አለ ዘርኣይ። «በማግስቱ ነው ቀለሙን የገዛሁት።»

የወኪሉ ሰው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቀጭን ከረባት ያሰረ ወጣት፣ ብብቱ ሥር ሰማያዊ ፋይል ይዟል። የሦስቱን ፊት አየና መግባቱን ጠረጠረው፤ ቢሆንም ገብቶ ወረቀቱን ኮፋኖው ላይ ዘረጋ። የማን ስም እንደሚጻፍ ጠየቀ።

ዘርኣይ ነው የመለሰው። «የእሱ፣» አለ በእንግሊዝኛ፣ በአገጩ እያመለከተ። «መኪናው አያጨስም።»

ሰውየው ነገሩ አልገባውም፤ ብዕሩን ግን ለፀሐዬ ሰጠው። ፀሐዬ ፈረመ። እጁ ዘይት ስለነበረበት የወረቀቱ ጥግ ላይ አውራ ጣቱ ታተመ።

የሻረግ የዘርኣይን ሣጥኖች አየች። «ጋሽ ዘርኣይ፣ ሰፊ መኪና ነው፤ እኔ ላድርስልዎት።»

«በዚህ ሞተር?» አለ ዘርኣይ። «እሱ በገጠመው? በጀርባዬ ይሻለኛል።»

ግን በጀርባው አልሄደም። የራሱን ቫን አስገብቶ፣ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ሲጭን ፀሐዬ ሊያግዘው እጁን ሲሰድ «ተው» አለው፤ አንድ ቃል ብቻ። ሁሉም ነገር ተጭኖ ሲያልቅ መሐል ላይ ክሬኑ ቀረ። በግማሽ በግማሽ አዋጥተው የገዙት ነው። ሁለቱም አዩት። ዘርኣይ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ፤ ፀሐዬ የቫኑ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

አራት ሳምንት አለፈ። ዘርኣይ ሼፈርድስ ቡሽ ከገበያው ጀርባ ከአንድ ሶማሌ መካኒክ ጋር ግማሽ ቦታ እንዳገኘ ወሬ መጣ። የሻረግ ያወራችውን ዞራ መለሰችው፤ ያም ሆኖ ከሰዎቹ ግማሹ የመጀመሪያውን ወሬ ይበልጥ ወድደውት ኖሮ ሁለተኛውን አላመኑም። ፀሐዬ ጋራዡን ብቻውን ይከፍታል፣ ብቻውን ይዘጋል። ሻይ ሲያፈላ ሶኬቱን የሚነቅልበት የለም። ቢጫውን መስመር ለማጥፋት አንድ ቀን መሟሟቻ ገዝቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መስመሩን እስካሁንም አይረግጠውም።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ።»

«ክሬኑን እፈልገዋለሁ፣» አለ ዘርኣይ። ሰላምታ የለም። «አንድ ሞተር አለ የማወጣው። ለሦስት ቀን። ከሰዓት ልጅ እልካለሁ፣ ቦታውን አያውቅም። የቱ ጋ ነው ያቆምከው?»

ፀሐዬ ዞሮ አየ። ክሬኑ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። «አንደኛው ላይ ነው» አለ።

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ከየት በኩል?» አለ ዘርኣይ።

ፀሐዬ ወደ ኋላው ግድግዳ አየ። «ከኋላ፣» አለ። «ባንተ በኩል።»

«እሺ።»

«ዘርኣይ። እህትህ... አሁን የት ናት?»

መዶሻው በሩቅ ሦስት ጊዜ መታ።

«እኔ ክሬኑን ነው የጠየቅሁህ» አለ ዘርኣይ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ፀሐዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወገቡን ይዞ ተነሳና፣ አንድ ጎማው የሚንጫረረውን ከባድ ክሬን ከበሩ አንስቶ፣ እያረፈ እየገፋ፣ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ወሰደው።